የፊታውራሪው አጽምና የጎረቤታችን ፎቶ

የካቲት 23 በመጣ ቁጥር ቡለንም እንደሌላው ከተማ ሽር ጉድ ትላለች። ተማሪዎች ጋሻና ጦር ይዘው ይሰለፋሉ (ከካርቶን የተሠራ ቢሆንም ጦር ጦር ነው!)። ከድምፅ ማጉያው ፉከራና ቀረርቶ ይለቀቃል። ንግግር ይደረጋል። ንግግሩ ‹‹ጀግኖች አባቶቻችን›› ብሎ ይጀምርና ‹‹ጀግኖች አባቶቻችን›› ብሎ ያልቃል፤ መሀል ላይ ምኒልክ፣ ጣይቱ፣ አሉላ፣ ባልቻ፣ ገበየሁ ይጠራሉ። እናጨበጭባለን። ከዚያ ፀሐዩ ሲከር ወደየቤታችን እንበተናለን።

እኛ ከበዓሉ በኋላ ቡና የምንጠጣው ጎረቤታችን እማማ ዘንድ ነው። እማማ ሳሎን፣ ከእመቤታችን ሥዕል ዝቅ ብሎ፣ አንድ ፎቶ ተሰቅሏል። የወታደር ልብስ የለበሰ፣ ፂሙ ገና ያልበቀለ ልጅ። ከጀርባው ፏፏቴ አለ፤ የፎቶ ቤት ግድግዳ ላይ የተሳለ ፏፏቴ። ልጁ በ1991 ዓ.ም. በሶና ቆሎ ተቋጥሮለት፣ ተጨፍሮለት፣ ተመርቆ ወደ ሰሜን ዘመተ። አልተመለሰም። ‹‹ሞቷል›› ብሎ ያረዳቸው የለም። ‹‹አለ›› ያላቸውም የለም።

አንድ የዓድዋ ቀን ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ እማማ ድንገት ጠየቁን።

‹‹ያ ገበየሁ ያሉት ጀግና፣ አጥንቱ ተለቅሞ አገሩ ገብቷል አሉ። እውነት ነው ልጆቼ?››

‹‹እውነት ነው እማማ። አንጎለላ ነው ያረፉት።››

‹‹ያኔ መኪና ነበር?››

‹‹አልነበረም።››

እማማ ሌላ ነገር አልተናገሩም። ረከቦቱን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ሦስተኛውን ቀዱ። እኛ ግን፣ ያ ሁሉ ዓመት ‹‹ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት›› ስንል ጋዜጠኝነት የተማርን ልጆች፣ አንዲት መልስ አጥተን አቀረቀርን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ቡና ዕዳ ነው።

ፊታውራሪው ምን ጠየቁ?

እስቲ ከራሳቸው ከፊታውራሪ ገበየሁ እንጀምር። ማዕረጉ ሥራቸውን ይናገራል። ፊታውራሪ ማለት ከጦሩ ፊት የሚሄድ፣ ቀድሞ የሚገጥም፣ ብዙ ጊዜም ቀድሞ የሚወድቅ ማለት ነው። ገበየሁ የዳግማዊ ምኒልክ ፊታውራሪ ነበሩ። አገራቸው አንጎለላ ነው፤ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከደብረ ብርሃን ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ፣ ንጉሠ ነገሥቱም በ1836 ዓ.ም. የተወለዱበት ስፍራ።

ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ የሆነውን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል። የጣልያኑ ሻለቃ ቶዞሊ አምባው ላይ ሰፍሯል። ቀድሞ የደረሰውን የኢትዮጵያ ጦር የሚመሩት ራስ መኮንን ውጊያው ይጀመር ብለው ገና አላዘዙም። ገበየሁ ግን አልጠበቁም። ገጠሙ፤ ሌላውም ጦር ተከተላቸው፤ አምባው ተያዘ፤ ቶዞሊም እዚያው ወደቀ። ይሁንና ድል ቢገኝም ትእዛዝ መጣስ ትእዛዝ መጣስ ነውና ራስ መኮንን ተቆጥተው አሰሯቸው ይባላል።

እኛ ይህችን የእስር ወሬ እንወዳታለን። ለምን ቢሉ፣ ፊታውራሪውን ሰው ታደርጋቸዋለች። ሐውልት አይቸኩልም፤ ሐውልት አይሳሳትም፤ ሐውልት በአለቃው አይቆጣም። ገበየሁ ግን የቸኮሉ፣ የተቆጡ፣ ምናልባትም የተቀጡ ሰው ነበሩ። ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ የካቲት 23 ዓድዋ ላይ እንደገና ከፊት ተሰለፉ። እንደ ማዕረጋቸው ቀድመው ገጠሙ፤ እንደ ማዕረጋቸውም ወደቁ። ሹመታቸውን ኋላ የጦር ሚኒስትር የሆኑት ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ወረሱት።

አሁን ወደ እማማ ጥያቄ እንምጣ። ከአፍ ወደ አፍ ሲወርድ የመጣው ታሪክ እንዲህ ይላል፦ ፊታውራሪው ከመሞታቸው በፊት ተናዘው ነበር። ጀርባዬን ሰጥቼ ከሞትኩ እዚያው ልቅር፣ ፊቴን ሰጥቼ ከሞትኩ ግን አጽሜን አገሬ አግቡልኝ የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። ከዓመታት በኋላም አጽማቸው ከዓድዋ ተነሥቶ አንጎለላ ኪዳነ ምሕረት ገባ።

ልብ በሉ! ሰውየው ርስት ይሰጠኝ አላሉም። ሐውልት ይቁምልኝ አላሉም። በየዓመቱ ይፎከርልኝም አላሉም። የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፦ አሟሟቴን እዩልኝ፣ ወደ ወገኔ መልሱኝ። ያቺ አገር ደግሞ መኪና ሳይኖራት፣ አስፋልት ሳይኖራት፣ ተራራና ገደል የበዛበትን የብዙ ሳምንት የበቅሎ መንገድ አቋርጣ ቃሏን ጠበቀች። ‹‹ያኔ መኪና ነበር?›› የሚለው የእማማ ጥያቄ የት ጋ እንደሚያም አሁን ገባችሁ?

ማዕረግ የሌለውስ?

እዚህ ላይ ራሳችንንም እንታዘብ። በዓድዋ ከኢትዮጵያ ወገን የሞተው ከ4 ሺህ እስከ 7 ሺህ እንደሚደርስ ይገመታል። ከነዚህ ውስጥ ስንቱን በስም እናውቃለን? ገበየሁን እናውቃለን። የራስ ደስታ ዳምጠውን አባት ፊታውራሪ ዳምጠውን እናውቃለን። ጥቂት ደጃዝማቾችንና ቀኛዝማቾችን ታሪክ ያነበበ ሰው ይጠራል። ሁሉም ተደምረው አንድ የትምህርት ቤት ክፍል አይሞሉም። ደግሞም ስማቸው የተረፈው በሙሉ ከስማቸው ፊት ማዕረግ ያላቸው ናቸው።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከጎጃም መርተውት የሄዱት ጦር ውስጥ የነበረው ባላገር የታለ? ስንቅ ጫኙ? ውሃ ቀጂዋ? ‹‹ጀግኖች አባቶቻችን›› የሚለው ሐረግ ሁሉንም ያቅፋል ይባል ይሆናል። ግን ሁሉንም የሚጠራ ስም ማንንም አይጠራም።

ወደ እኛው ወደ መተከል ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነሥተው በኡም ኢድላ በኩል ድንበር ተሻገሩ፤ ከዚያም በረሃውን አቋርጠው በላያ ተራራ ደረሱ። በላያ ዛሬ መተከል ዞን፣ ዳንጉር ወረዳ ውስጥ ነው። ስለዚያ ጉዞ የጻፉ እንግሊዞች ስለ ግመሎቹ ብዙ ጽፈዋል፤ ለዘመቻው ወደ 15 ሺህ ግመል ወጥቶ አዲስ አበባ የደረሰው በጣም ጥቂት ነው ይሉናል። ግመሉ ተቆጥሯል! ለእነዚያ ግመሎች መንገድ የመሩት፣ ውሃ ያሳዩት፣ አብረው የደከሙት ሰዎች ስም ግን በላያ ሥር በየትኛው ድንጋይ ላይ ተጽፏል?

‹‹አይቻልም›› እንዳይባል

አንድ ቀን እማማን ይዘን ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባለ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን። (ስሙን ተዉት፤ አንዱን ብንጠራ ሌሎቹ ንጹሕ ሊመስሉ ነው።) የተቀበለን ልጅ ትሑት ነበር፤ ወንበርም ሰጣቸው። ከዚያ ‹‹ለመሞቱ ማስረጃ ያምጡ›› አላቸው። እንግዲህ ልጁን የወሰደው መንግሥት፣ ያሰለፈው መንግሥት፣ የት እንደወደቀ የሚያውቀው መንግሥት፤ ማስረጃ አምጪ የተባሉት ግን ቡለን ቁጭ ብለው ቡና የሚቆሉ እናት ናቸው። ሳቃችን መጣ። እማማ ስላልሳቁ ግን ዋጥነው።

‹‹ብዙ ሰው ነው፣ አይቻልም›› የሚል ካለ ይኸውና የተቻለበት።

በ1943 ዓ.ም. ቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ዘመተ። ኮሪያ ከዚህ ሺህ ተራሮችና አንድ ውቅያኖስ ወዲያ ናት። ከዚያ ዘመቻ የሞቱብን 121 ናቸው (122 የሚሉም አሉ)። ዛሬ አዲስ አበባ አፍንጮ በር በሚገኘው መታሰቢያ ስማቸው አለ፤ በኮሪያ ቹንቾን ከተማም መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ተራ ወታደሩም መኮንኑም ተቆጥሯል። እንግዲህ ይህች አገር መቁጠር ትችላለች ማለት ነው። ስትፈልግ!

ሁለተኛ ምሳሌ። በኦጋዴን ጦርነት ከኢትዮጵያ ጎን ተሰልፈው የሞቱ የኩባ ወታደሮች ነበሩ። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ የቆመው የትግላችን ሐውልት ለእነሱም መታሰቢያ ነው። ኩባ ግን በሐውልቱ አልረካችም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1989 ከአንጎላም ከኢትዮጵያም የሰበሰበችውን ከ2 ሺህ የሚበልጥ አጽም አገሯ አስገብታ፣ በአንድ ቀን፣ እያንዳንዱን በተወለደበት አካባቢ ቀበረች። በዋና ከተማዋ ብቻ አልነበረም፤ በየትንንሾቹ ከተሞችም ጭምር እንጂ። የኩባን ፖለቲካ መውደድ የፈለገ ይውደድ፣ መጥላት የፈለገ ይጥላ። ያቺን ቀን ግን ያስቀናል።

ሦስተኛ። እንግሊዞችና ተባባሪዎቻቸው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጄኔራሉም ተራው ወታደርም አንድ ዓይነት የመቃብር ድንጋይ ይሁንለት ብለው ወሰኑ። አዲስ አበባ ውስጥም እንዲህ ያለ መካነ መቃብር አላቸው። ይሁንና መቃብሮቹን የሚያስተዳድረው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ኃፍረት አምኗል፦ በዚያው ጦርነት ካለቁት አፍሪካውያንና ሌሎች የቅኝ ግዛት ሰዎች ቢያንስ 116 ሺህ የሚሆኑት በስም አልተጻፉም ወይም ጭራሽ አልታወሱም። መቶ ዓመት ዘግይቶ ነው። ግን አመነ፤ ይቅርታም ጠየቀ።

ወደ እማማ ጦርነት እንመለስ። ከግንቦት 1990 እስከ ሰኔ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር የተካሄደው ጦርነት ከሁለቱም ወገን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በልቷል። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ ስምምነት ተፈረመ። የኤርትራ መንግሥት 19 ሺህ ሰው ሞቶብኛል ብሎ ለቤተሰብ አረዳ። እኛ ጋ ግን አንድ እናት ሄዳ ጣቷን ልታሳርፍበት የምትችል የስም ዝርዝር በአደባባይ ቆሞ እስከ ዛሬ አላየንም። በቅርቡ እንኳ ከፕሪቶሪያው ስምምነት አንድ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ጥቅምት 2016 ዓ.ም.፣ በትግራይ ለሟች ታጋይ ቤተሰቦች በይፋ መርዶ ተነግሮ የሦስት ቀን ሐዘን ታውጇል። ያን ለቅሶ በቴሌቪዥን ስናይ እማማ አብረውን ነበሩ። ‹‹ታድለው›› አሉ። በመርዶ የሚቀና ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ አይተናል።

በመርዶ የሚቀኑት ያለ ምክንያት አይደለም። መርዶ ካልተነገረ ለቅሶ አይቀመጡም። ለቅሶ ካልተቀመጡ አርባ የለም፣ ተዝካር የለም፣ ሙት ዓመት የለም። ካህኑ ፍትሐት ሲያደርሱ የክርስትና ስም ይጠራሉ፤ ያልሞተ ሰው እንዴት ይጠራል? የሙስሊሙም ቤት እንዲሁ ነው፤ ዱዓው ለታመመ ይሁን ለሞተ፣ ወይስ ለመንገደኛ? እማማ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የልጃቸውን ነፍስ በሕያዋንና በሙታን መካከል ይዘው ቆመዋል። የሚያውቀው አካል ‹‹አዎ›› ወይም ‹‹አይደለም›› ቢላቸው ኖሮ ይህን ሁሉ አይሸከሙም ነበር።

ቡለን ስለ ቁጥር ታውቃለች

ይህን ስንጽፍ አንድ ነገር ዘለን ማለፍ አንችልም። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. እዚሁ ቡለን ወረዳ፣ በኩጂ ቀበሌ፣ ሰው በተኛበት ተገደለ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን የሟቾቹን ቁጥር 207 ብሎ አሳወቀ። በጅምላ ተቀበሩ። ወታደሮች አልነበሩም፤ አርሶ አደሮች፣ እናቶች፣ ሕፃናት ነበሩ።

ያን ሰሞን አገር ሁሉ ስለ ቡለን አወራ። ግን የሚያወራው ስለ 207 ነበር። እኛ የምናውቀው ሌላ ነገር ነው። እኛ የምናውቀው ገበያ ላይ ሚዛን የማያጎድል ሰው ነበር፤ እኛ የምናውቀው ሒሳብ የምትወድ ልጅ ነበረች። ቁጥሩ ዜና ሆኖ በሳምንቱ ከፊት ገጽ ወረደ። ስሞቹ ቡለን ውስጥ ቀሩ። ስለዚህ ‹‹በርካታ ጀግኖች ተሰውተዋል›› የሚል ንግግር ስንሰማ ጆሯችን የሚቆመው ለክፋት አይደለም። ‹‹በርካታ›› የሚለው ቃል ሰው እንዴት እንደሚያጠፋ በዓይናችን አይተናል።

‹‹ቁስል አትነካኩ›› ለሚሉን

ሐሳባችንን ለወዳጆች ስናካፍል ሦስት ተቃውሞ ገጠመን። ሦስቱም ቀላል አይደሉም።

አንደኛው ‹‹የሟች ቁጥር ማውጣት ለጠላት መረጃ መስጠት ነው›› ይላል። ጦርነት ላይ እያሉ እሺ። ግን ከኤርትራው ጦርነት ወዲህ የተወለደ ልጅ ዛሬ ራሱ አባት ሆኗል! ይህን ያህል ዘመን የሚቆይ የጦር ምስጢር ካለ፣ የተደበቀው ከጠላት ሳይሆን ከእናት ነው።

ሁለተኛው ‹‹የማንን ወታደር ነው የምትጽፉት?›› ይላል። ከ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በኋላ ከየገበያው የታፈሰውን የደርግ ወታደር? የኢሕአዴግ ዘመኑን? ወይስ ከጥቅምት 24 ቀን 2013 ወዲህ የሞተውን? መልሳችን አጭር ነው፦ ሁሉንም። የ18 ዓመት ልጅ መንግሥት አይመርጥም፤ መንግሥት ነው እሱን የሚመርጠው። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የቀድሞውን ሟች የምንረሳ ከሆነ፣ ዛሬ የሚዘምተውም ነገ እንደሚረሳ እያወቀ ነው የሚሄደው።

ሦስተኛው መተከልን የሚያውቅ ሰው ያነሣው ነው፤ እውነት ለመናገር እኛንም አስጨንቆናል። ‹‹ስም ብትጽፉ ሰዉ ብሔር ይቆጥራል፤ ይሄ ከሺናሻ፣ ያ ከጉሙዝ፣ ይሄ ከአማራ፣ ያ ከአገው፣ ያ ከኦሮሞ እያለ ሌላ ጠብ ያነሣል።›› ሊሆን ይችላል። ግን ሐዘን ለየብቻ ሲቀመጡት ነው ጠብ የሚሆን። ልጇ የሞተባት የሺናሻ እናትና ልጇ የሞተባት የጉሙዝ እናት አንድ ድንጋይ ፊት ቢገናኙ የሚነጋገሩት ስለ ልጆቻቸው እንጂ ስለ ክልል መዋቅር አይመስለንም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

የምንጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። እብነ በረድ አልጠየቅንም፤ ከውጭ የሚመጣ ቀራፂም አልጠየቅንም። ከቡለን የሄዱና ያልተመለሱ ወታደሮች ስም የሚጻፍበት አንድ ግድግዳ ይኑር። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የተወለዱበትና የሞቱበት ዓመት። ማዕረግ አይጻፍ፤ ብሔር አይጻፍ፤ የትኛው መንግሥት እንደላካቸውም አይጻፍ። ቅደም ተከተሉ እንደ ፈተና ውጤት በሀ ሁ ይሁን። ሞተው ይሁን ቀርተው ያልታወቁት ደግሞ ‹‹ያልተመለሱ›› በሚል ከታች ይጻፉ፤ ቁርጡ ሲታወቅ ከፍ ይላሉ። በኩጂ ላይ ለሞቱት ሰላማውያን ሰዎችም ራሱን የቻለ፣ ስማቸው አንድ በአንድ የተጻፈበት መታሰቢያ ይቁም።

አይከብድም። እድራችንን ተመልከቱ። አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶ፣ አንድ ጸሐፊ፤ በቃ። የእድር ደብተር ሀብታምና ድሃ አይለይም፤ የማንም ስም አይዘለልም፤ ሰው ሲሞት ማን እንደሞተ፣ መቼ እንደሞተ፣ ማን እንደቀበረው ይታወቃል። አንድ እድር የሚችለውን አገር እንዴት ያቅታታል?

መንግሥት ደግሞ የራሱ ድርሻ አለው። ልጆቹ ሲሄዱ እኮ ስማቸው ተመዝግቧል! ዕድሜያቸው ተጽፏል፤ ቁመታቸው ተለክቷል፤ የቅርብ ተጠሪ ማን ነው ተብለው የእናታቸውን ስም ሰጥተዋል። ሲሄዱ የተመዘገቡ ሰዎች ሲቀሩ ለምን ይጠፋሉ? መዝገቡ ይከፈት። ለቤተሰቡ በአካል፣ በአክብሮት፣ በሰው አፍ ይነገር። አጽሙ የሚገኝ ከሆነ ይመለስ፤ የማይገኝ ከሆነም የት እንደቀረ ይነገር። ፊታውራሪ ገበየሁ ያገኙት ይህንኑ ነው። ከሳቸው በላይ አልጠየቅንም። ከሳቸው በታች ግን ለምን እንቀበል?

የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ ግዙፉ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቋል። ደስ ብሎናል፤ ይገባል። ግን ከዚያ ሕንፃ እስከ ቻግኒ፣ ከቻግኒ በድባጤ አድርጎ እስከ ቡለን ባለው መንገድ ላይ፣ በየቤቱ ግድግዳ ስንት የፎቶ ቤት ፏፏቴ አለ? የአገር ፍቅር የሚለካው ቀድሞ ለሞተው በተሠራው ሕንፃ ብቻ ከሆነ ተሳስተናል። የቅርቡ ሟች ቤት ሄዶ ማንኳኳትም የአገር ፍቅር ነው።

ልንጨርስ ስንል አንድ አንባቢ ‹‹ስለ ስም ይህን ሁሉ ጽፋችሁ የእማማን ልጅ ስም ለምን አልጻፋችሁም?›› ሳይለን አይቀርም። ልንጽፍ ነበር። ጽሑፉን አንብበንላቸው ፈቃድ ጠየቅናቸው። ፎቶውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉና እንዲህ አሉን፦

‹‹መጀመሪያ የወሰደው ይጻፈው ልጆቼ። እናንተ ኋላ ትጽፋላችሁ።››

እየጠበቅን ነው። ቸር ያሰማን!